ባቄላ፣ አተርና ቦሎቄን በጓሮ ስለ መዝራት፤ ለጀማሪዎች የተዘጋጀ ትምህርት

በጉራጌ አገር የእንሰት ጓሮ የሌለው ቤት ቤት አይባልም። እንሰት ዝናብ ሲጠፋ ታግሦ የሚቆይ፣ ቤተ ሰብን ከረኃብ የሚያድን ባለውለታ ተክል ነው። ይሁን እንጂ ቆጮ ለሰውነት ኀይልና ሙቀት ይሰጣል እንጂ ሥጋን የሚገነባው ፕሮቲን የሚባለው ምግብ በውስጡ እጅግ ጥቂት መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ላም ያለው ሰው ወተቱንና አይቡን ስለሚጨምርበት ጉድለቱ አይታወቀውም። ላም የሌለው ግን፣ በተለይም በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ ከተማ በጠባብ ግቢ የሚኖር ሰው፣ ጡት ለጣለ ሕፃን ከቆጮው ጋር ምን እንደሚያቀርብ ሊያስብበት ይገባል። ይህን ጉድለት በርካሽ የሚሞላው ጥራጥሬ ነው፤ ከጥራጥሬም ውስጥ በጥቂት ክንድ መሬት ላይ ያለ ብዙ ድካም የሚበቅሉት ባቄላ፣ አተርና ቦሎቄ ናቸው።

ይህ ትምህርት የተጻፈው በማሳ ላይ ሲያርስ ለኖረው ገበሬ አይደለም፤ እርሱ ከእኛ የበለጠ ያውቃል። የተጻፈው በከተማ ተወልዶ ወይም ብዙ ዘመን በንግድ ቆይቶ፣ አሁን አንድ እፍኝ ዘር ይዞ «ከየት ልጀምር?» ለሚል ሰው ነው።

ለየትኛው አገር የትኛው ይስማማል?

ሦስቱም ጥራጥሬ ይባሉ እንጂ ጠባያቸው አንድ አይደለም። ባቄላና አተር ብርድ ወዳጆች ናቸው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 እስከ 3,000 ሜትር ባለው አገር ይበቅላሉ። ስለዚህ እንደ ጉመርና እንደ ጌታ ያለው ደጋ ዋና አገራቸው ነው። ቦሎቄ፣ በሌላ አገር አደንጓሬ የሚሉት፣ ከአሜሪካ ምድር ወደ ዓለም የተሠራጨ እንግዳ ዘር ሲሆን ሙቀት ይወዳል፤ ውርጭ ሲነካው በአንድ ሌሊት ይጠወልጋል። ባቄላና አተር ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የኖሩ ናቸው። እንዲያውም በትግራይና በወሎ በኩል ደቆቆ የሚባል፣ ከሌላው አተር የተለየ ዓይነት ይዘራል።

ወልቂጤ በ1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡታጅራም በ2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ ሁለቱም በድንበሩ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። ሦስቱንም መዝራት ይቻላል፤ ነገር ግን በወልቂጤ ለቦሎቄ፣ በቡታጅራም ከከተማው በላይ ወደ ዘቢዳር ተራራ በሚወጣው በኩል ለባቄላና ለአተር ብልጫ መስጠት ይሻላል። ከቡታጅራ ወደ ማረቆ በሚወርደው ቆላማ አገር ለሚኖር ጀማሪ ግን ቦሎቄን ብቻ እንዲይዝ እንመክራለን።

የመዝሪያው ጊዜ እንደሚከተለው ነው። ባቄላና አተር ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ይዘራሉ። ቦሎቄ ሁለት ጊዜ አለው፤ አንደኛው የበልግ ዝናብ ጸንቶ ሲዘንብ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ሁለተኛው በሐምሌ ነው። በሐምሌ አጋማሽ የተዘራ ቦሎቄ በጥቅምት አጋማሽ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ስለሚደርስ ዘሩ በቆባው ውስጥ አይበሰብስም። በሰኔ መጀመሪያ የቸኮለ ሰው ግን ቦሎቄው በዝናብ መካከል ይደርስበታል፤ ያን ጊዜ ሻጋታ እንጂ ዘር አይሰበስብም።

ቦታ ስለ መምረጥ

ጀማሪዎች ከሁሉ በፊት የሚሳሳቱት በዚህ ነው። በእንሰቱ መካከል ባዶ የሚመስል ቦታ ስላለ እዚያ ይዘራሉ። የእንሰት ቅጠል ሰፊ ነው፤ ከሥሩ የበቀለው ባቄላ ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ይረዝምና ቆባ ሳይዝ ይወድቃል። የሚመረጠው ቦታ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ መሆን አለበት። ከባሕር ዛፍም መራቅ ይገባል፤ የባሕር ዛፍ ሥር ከአጥር አልፎ ርቆ ውኃውን ይጠጣልና።

ሁለተኛው ስሕተት ስለ ፍግ ነው። የጉራጌ እናቶች የበረቱን ፍግ በየጊዜው ለእንሰት ያቀርባሉ፤ ይህም እጅግ የተመሰገነ ልማድ ነው። ነገር ግን ያንኑ ትኩስ ፍግ ለባቄላ ያቀረበ ሰው ወገብ የሚያክል ለምለም ቅጠል አይቶ ይደሰትና በመጨረሻ ጥቂት ቆባ ብቻ ይለቅማል። ምክንያቱም ጥራጥሬ ከአየር የራሱን ናይትሮጅን የሚያዘጋጅ ተክል ስለ ሆነ፣ ፍጉ ሲበዛበት ሥራውን ትቶ ቅጠል ብቻ ያበቅላል። ስለዚህ ፍጉን ለእንሰቱና ለጎመኑ ይተዉለት። ለጥራጥሬው በደንብ የበሰበሰ፣ ሽታው የጠፋ ብስባሽ በመጠኑ ይበቃዋል።

አፈሩ ቀይና ኮምጣጣ ሲሆን ባቄላ ይቀጭጫል። በጉራጌ ደጋማ ቦታዎች እንዲህ ያለ አፈር ብዙ ነው። ለማሳ የሚሆነው መድኀኒት ኖራ ነው፤ መጠኑንም የወረዳው የግብርና ባለሙያ አፈሩን አስመርምሮ ይነግርዎታል። ለጓሮ መደብ ግን ከምድጃ የወጣ የእንጨት አመድ፣ በአንድ ካሬ ሜትር ሁለት እፍኝ ያህል፣ ከመዝራት ሁለት ሳምንት በፊት በትኖ ከአፈሩ ጋር ማዋሐድ ይረዳል።

አፈሩ ጥቁር ዋልካ ከሆነና ውኃ የሚያቁር ከሆነ ደግሞ መደብ ማበጀት የግድ ነው። መደቡ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ አንድ ሜትር ያህል ሰፍቶ፣ ግራና ቀኙ ቦይ ይውጣለት። ባቄላ ሥሩ በውኃ ውስጥ ሁለትና ሦስት ቀን ከዋለ ሥሩ ይጠቁርና ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይሞታል። ለእንዲህ ያለ መሬት በ2000 ዓ.ም. የተለቀቀውና ዋልኪ የተባለው የባቄላ ዝርያ ከሌሎቹ ይልቅ ውኃን ይታገሣል። እንዲህ ያሉ ዝርያዎች በ1958 ዓ.ም. ከተቋቋመው የእርሻ ምርምር ድርጅት ጀምሮ በሆለታና በሌሎች ጣቢያዎች ለብዙ ዓመት ሲመረጡ የቆዩ ናቸው። ለቦሎቄ ከቀያዮቹ ናስርና ሐዋሳ ዱሜ፣ ከነጮቹ አዋሽ 1 የታወቁ ናቸው።

ዘሩን ስለ መምረጥና ስለ መፈተን

የተመረጠ ዘር ካላገኙ ከገበያ የተገዛ የወጥ እህል መዝራት ነውር አይደለም፤ አብዛኛው ሰው የሚጀምረው በዚህ ነው። ነገር ግን የተከካ፣ የተቀቀለ ወይም የተቆላ እንደማይበቅል ሁሉ፣ ሁለትና ሦስት ዓመት በጎተራ የቆየ፣ በነቀዝ የተበሳ፣ በጪስ ላይ ተሰቅሎ የደረቀ ዘርም ብዙ ጊዜ አይበቅልም። ከገበያ ሲገዙ ዘንድሮ የተወቃ መሆኑን ይጠይቁ፤ ቀለሙ የጠቆረውን ባቄላ ይተዉ፤ አሮጌ ነው።

አተር ሲገዙ በተለይ ይጠንቀቁ። አንዳንድ ጊዜ ከአተሩ ጋር ጓያ ተቀላቅሎ ይገኛል። አተር ክብ ነው፤ ጓያ ግን በጎኑ የተቆረጠ ይመስል ማዕዘን ያለው፣ እንደ ሽብልቅ ያለ ነው። ጓያ ለብዙ ሳምንታት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን የሚያሽመደምድ በሽታ ያመጣል፤ በሽታውም ከመጣ በኋላ አይድንም። ስለዚህ ሳያውቁ ጓያ ዘርተው እንዳያባዙ ዘሩን በሰፌድ ላይ ዘርግተው በእጅ ይልቀሙት።

ከለቀሙ በኋላ ፈተናው ይቀጥላል። ፈተናው አንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ ይህን የዘለለ ሰው ግን ሙሉ ክረምት ሊያጣ ይችላል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከዘሩ ሳይመርጡ 50 ፍሬ ይቁጠሩ። ንጹሕ ጨርቅ በውኃ ነክረው ይጭመቁ፤ ፍሬዎቹን እርስ በርሳቸው እንዳይነካኩ በጨርቁ ላይ ይደርድሩ፤ ጨርቁን ጠቅልለው በሳሕን ላይ ያኑሩና በሌላ ሳሕን ይክደኑት። ሙቀት ባለበት ክፍል ይቀመጥ እንጂ ምድጃ ላይ አይሁን። ጨርቁ እንዳይደርቅ በየቀኑ ውኃ ይርጩበት፤ ነገር ግን ፍሬው በውኃ ውስጥ አይዋኝ፤ ዘርም እንደ ሰው አየር ይፈልጋልና ይታፈናል። ቦሎቄ በ5 እስከ 7 ቀን፣ ባቄላና አተር በ7 እስከ 10 ቀን ሥር ያወጣሉ።

ከ50ው 43 ወይም ከዚያ በላይ ጠንካራ ሥር ካወጡ ዘሩ መልካም ነው፤ በተለመደው መጠን ይዘራል። ከ30 እስከ 42 ከሆነ ይዘራል፤ ግን በአንድ ጉድጓድ ሁለት ሁለት ፍሬ መጣል ያስፈልጋል። ከ30 በታች ከሆነ ለንፍሮ ይሁንና ሌላ ዘር ይፈልጉ። በጨርቁ ውስጥ ሻጋታ የበዛበትን ዘርም አይመኑ። የበቀሉትን ፍሬዎች መጣል አያስፈልግም፤ ሥራቸው ሳይሰበር ወደ መደቡ ሊተከሉ ይችላሉ።

ሥር ላይ ስለሚኖሩት ረዳቶች

ከላይ ጥራጥሬ ናይትሮጅን ከአየር ያዘጋጃል ብለናል። ይህን የሚያደርገው ብቻውን አይደለም። በዓይን የማይታዩ ሪዞቢየም የሚባሉ ሕዋሳት በሥሩ ላይ እንደ ትንንሽ ዶቃ ያሉ እባጮችን ሠርተው በዚያ ይኖራሉ፤ ተክሉ ስኳር ይመግባቸዋል፣ እነርሱም ናይትሮጅን ይከፍሉታል። የባቄላና የአተር ሪዞቢየም አንድ ወገን ነው፤ የቦሎቄው ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ባቄላ ለዘመናት ሲዘራበት የኖረ መሬት ለቦሎቄ አዲስ መሬት ሊሆንበት ይችላል።

እንዲህ ላለው መሬት በአገራችን የሚመረት ባዮ ማዳበሪያ በትንንሽ ከረጢት ይሸጣል። በከረጢቱ ላይ የተጻፈው የሰብል ስም ከሚዘሩት ጋር አንድ መሆኑን ይመልከቱ፤ የባቄላው ለቦሎቄ አይሠራም። ዘሩን ጥቂት ስኳር በተበጠበጠበት ውኃ አርጥበው ዱቄቱን በጥላ ሥር ይለውሱ፤ በዚያው ቀን ይዝሩና ወዲያው አፈር ያልብሱት፤ ፀሐይ ይገድላቸዋልና። በፀረ ተባይ ከታሸ ዘር ጋርም አይቀላቀል።

ሥራቸውን ለማየት ተክሉ ሲያብብ አንዱን ከነአፈሩ በመቆፈሪያ ያውጡ። ጎትተው አይንቀሉ፤ እባጮቹ አፈር ውስጥ ይቀራሉ። አፈሩን በውኃ አጥበው አንዱን እባጭ በጥፍር ይሰንጥቁት። ውስጡ እንደ ደም ቀላ ያለ ከሆነ ሥራ ላይ ናቸው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠሩም፤ ያን ጊዜ በሚቀጥለው ዓመት ባዮ ማዳበሪያ መግዛት ይገባል።

አዘራር

ለመጀመሪያ ዓመት 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ቦታ ይበቃል። ከዚህ በላይ የሚጀምር ጀማሪ አረሙ ሲመጣ ይሸሻል። ባቄላና ቦሎቄ በመሥመር መካከል 40፣ በፍሬና በፍሬ መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ይራራቃሉ። በዚህ ቦታ ላይ 7 መሥመር ይወጣል፤ በእያንዳንዱም 40 ፍሬ፣ በጠቅላላው 280 ፍሬ ይሆናል። ይህም ለአገር ባቄላ 150 ግራም ያህል ስለ ሆነ ዘሩ ከሁለት ሙሉ እፍኝ ብዙም አይበልጥም። የአተር መሥመር 20፣ በፍሬ መካከልም 5 ሳንቲ ሜትር ነው።

ጥልቀቱን ከጠባያቸው ጋር አያይዞ ማስታወስ ይበጃል። ባቄላና አተር ሲበቅሉ የፍሬውን ሁለት ክክ ከመሬት በታች ትተው ቡቃያቸውን ብቻ ያወጣሉ። ቦሎቄ ግን ሁለቱን ክክ በራሱ ላይ ተሸክሞ፣ አንገቱን እንደ ማጭድ አጉብጦ ይወጣል። ስለዚህ ባቄላ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ጠልቆ ቢዘራ አይጎዳም፤ አተርም 5 ይበቃዋል። ቦሎቄ ከ4 በላይ ከጠለቀ፣ ወይም ከዝናብ በኋላ አፈሩ እንደ ቂጣ ከደረቀበት፣ አንገቱ ይሰበራል። ቦሎቄ በተዘራ በአምስተኛውና በስድስተኛው ቀን የአፈሩን ገጽ ይመልከቱ፤ ከጠነከረ በጣት ወይም በቀጭን እንጨት በቀስታ ያላሉት።

ይህ ልዩነት በዶሮም ጊዜ ይታያል። ዶሮ የባቄላ ወይም የአተር ቡቃያ ጫፍ ብትቆርጥ ክኩ ከመሬት በታች ስላለ ብዙ ጊዜ ከጎን ሌላ ቡቃያ ያወጣል። የቦሎቄውን ራስ ከነክኩ ከቀነጠሰችው ግን አበቃ፤ በቦታው ሌላ ፍሬ መትከል ነው። በከተማ ግቢ የዶሮን ነገር ማቃለል አይገባም፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት መደቡን በእሾህ ወይም በቅርንጫፍ ማጠር ከማንኛውም ማዳበሪያ ይበልጣል።

ከመብቀል እስከ ማበብ

የመጀመሪያው አረም ከ25 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ፣ ሁለተኛው በ45 ቀን ገደማ ይታረማል። ካበበ በኋላ በመካከሉ መመላለስ አበባውን ያራግፋል። በተለይም ቅጠሉ ዝናብ አርጥቦት ሳለ በቦሎቄ መካከል አይግቡ፤ በሽታን ከአንዱ ወደ ሌላው በልብስና በእጅ ያዛምታሉ።

አተር ራሱን ችሎ መቆም ስለማይችል ቅርንጫፍ ያለው የደረቀ እንጨት ይተከልለት። በደጋው አገር አንዳንድ ገበሬዎች ባቄላና አተርን ቀላቅለው ይዘራሉ፤ ባቄላው ለአተሩ ምሰሶ ይሆነዋል። ይህ የአባቶች ብልኀት ለጓሮም መልካም ነው። የሚሳበውን ቦሎቄ ደግሞ በአጥር ሥር ዘርቶ በአጥሩ ላይ ማሳረግ ቦታ ይቆጥባል።

ስለ ተባይ በአጭሩ እንናገራለን። በማለዳ ቡቃያው ከሥሩ ተቆርጦ ወድቆ ከተገኘ የቆራጭ ትል ሥራ ነው፤ በዙሪያው አንድ ጣት ያህል ቢቆፍሩ ተጠቅልሎ ይገኛል፤ መግደል ነው። በአተር ጫፍ ላይ የሚከማቸው ክሽክሽ በጓሮ መጠን በሳሙና ውኃ ይታጠባል። በቆባው ውስጥ የሚገባውን ጓይ ትል በእጅ መልቀም ይሻላል። መድኀኒት መርጨት ለጓሮ አንመክርም፤ ከሁሉ ይልቅ በአበባ ጊዜ። አተርና ቦሎቄ ራሳቸውን በራሳቸው ያዳቅላሉ፤ ባቄላ ግን የንብ እርዳታ ይፈልጋልና በአበባው ላይ መርዝ የረጨ ሰው ቆባውንም የጎረቤቱንም ቀፎ ይጎዳል።

ከበሽታዎች ሁለቱን ማወቅ ይገባል። አንደኛው በነሐሴ ዝናቡ ሳያባራ ሲዘንብ በባቄላ ቅጠል ላይ የሚወጣው ቸኮሌት የመሰለ ነጠብጣብ ነው። ነጠብጣቡ እየሰፋ ቅጠሉን ያጠቁረዋል። አራርቆ መዝራት፣ አየር እንዲገባ ማድረግ፣ ያለፈውን ዓመት ገለባ ከመደቡ ማራቅ ይቀንሰዋል። ሁለተኛው ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜን ደጋዎች ብዙ ጥፋት ያደረሰውና በአማራ አገር ቆርምድ የሚሉት ነው። ቅጠሉ ላይ እንደ ኪንታሮት ያሉ እባጮች ይወጣሉ፤ ቅጠሉም ይጨማደዳል። ይህን ያየ ሰው ተክሉን ነቅሎ ያቃጥል፤ ለግብርና ባለሙያም ይንገር። ገለባውንም ለከብት አይስጥ፤ ፍጉን ተከትሎ ወደ ሌላ ማሳ ይሻገራልና። በሽታው ከታየበት አገር ዘር ማምጣትም ክልክል ነው ብለው ይቁጠሩት።

እሸትና መስቀል

አሁን በጣም ወደሚያስቸግረው ነገር ደርሰናል። በሰኔ 20 የተዘራ ባቄላ 90 ቀን የሚሞላው መስከረም 15 ነው፤ ይኸውም ከመስቀል ሁለት ቀን በፊት። በመስቀል ደግሞ የጉራጌ ልጅ ከአዲስ አበባም ከሌላም አገር ወደ ወላጆቹ ቤት ይገባል፤ በጀፎረው ላይ የሚሮጡት ሕፃናት ቁጥር በዕጥፍ ይጨምራል። እሸት ያለበትን ግቢ የማያውቅ ልጅ የለም። እሸት መብላት ደግ ነው፤ የተዘራውም እንዲበላ ነው፤ «አትንኩ» ማለትም ደስ አይልም፤ አይሆንምም። ነገር ግን በዚያ ሳምንት ሁሉ ከተበላ ለሚመጣው ዓመት ዘር የለም፤ እንደገና የማያውቁትን ዘር ከገበያ መግዛት ነው።

ስለዚህ በመስከረም መጀመሪያ፣ እንግዳ ሳይመጣ፣ በመደቡ ላይ ይመላለሱና ጤነኛ የሆኑትን፣ ቆባቸው የበዛውን፣ ያልወደቁትን ከ20 እስከ 30 ተክሎች መርጠው በእያንዳንዱ ግንድ ላይ ቀይ ክር ይሰሩ። አንድና ሁለት ተክል ብቻ መምረጥ አይበቃም፤ ባቄላ በንብ ስለሚዳቀል ዘሩ ከብዙ ተክል ቢሰበሰብ ይጠነክራል። ከዚያ ልጆቹን ጠርተው ክር ያለው የዘር መሆኑን፣ ሌላው ሁሉ የእነርሱ መሆኑን ይንገሩ። ልጅ የራሱ ድርሻ ሲታወቅለት የሌላውን መጠበቅ ያውቅበታል፤ እንዲያውም ዘበኛ ይሆናል።

በዚህ ጊዜ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። የባቄላና የአተር እሸት ጥሬውን ይበላል። ቦሎቄ ግን በጥሬው አይበላም። በፍሬው ውስጥ፣ በተለይም በቀዩ፣ ሆድን የሚያሳምምና የሚያስታውክ ነገር ስላለ፣ በአተር የለመደ ልጅ የቦሎቄውን ፍሬ ጥሬውን እንዳይበላ ይከልክሉት። ደረቁን ቦሎቄ ሌሊቱን ዘፍዝፎ፣ ውኃውን ደፍቶ፣ በአዲስ ውኃ በደንብ እየተንተከተከ እስኪበስል መቀቀል ያስፈልጋል። በሞቃት ረመጥ ላይ ሳይፈላ ለብ ብሎ ያደረ ቦሎቄ ለስልሶ ቢታይም መርዙ አይጠፋለትም። በከፍታ አገራችን ውኃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች፣ በቡታጅራ በ93 ገደማ ስለ ሆነ ከቆላው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይንተክተክ።

አሰባሰብና አቀማመጥ

የታሰሩት ተክሎች የታችኛው ቆባ ሲጠቁርና ቅጠሉ ሲረግፍ ቆባው እንዳይፈነዳ በማለዳ ይታጨዳሉ። ይታጨዱ እንጂ አይነቀሉ፤ ሥራቸው በመሬት ውስጥ ቢቀር በስብሶ ለሚቀጥለው ተክል ይሆናል። በቦታው ጎመን ወይም ድንች ይተከል፤ ባቄላውንና አተሩን ወደዚያው መደብ ሳይመልሱ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይቆዩ።

ምን ያህል ይገኛል? እውነቱን እንናገር። በአገራችን ባቄላ በደህና ዓመት ከአንድ ሄክታር 20 ኩንታል ገደማ ይሰጣል። በዚህ ሒሳብ 12 ካሬ ሜትሩ 2 ኪሎ ተኩል የማይሞላ ደረቅ ባቄላ ይሰጣል፤ ይኸውም እሸት ካልተበላ ነው። ጎተራ አይሞላም። ነገር ግን አንዱ መቶ ግራም 200 ፍሬ ያህል ስላለው፣ 2 ኪሎ ከ400 ግራሙ 4,800 ፍሬ ይሆናል፤ ይህም በሁለተኛው ዓመት 190 ካሬ ሜትር ያህል ይዘራል። ግማሹ በእሸትነት ቢበላ እንኳ የቀረው ከሰባት እጥፍ በላይ የሆነ መሬት ይሸፍናል።

ዘሩ በፀሐይ ደርቆ፣ በጥርስ ሲነከስ ጥርስ የማያስገባ፣ ተሰብሮ የሚጮኽ መሆን አለበት። መድረቁን ለማረጋገጥ አንድ እፍኝ ዘር ከጥቂት ደረቅ ጨው ጋር በደረቀ ጠርሙስ ውስጥ ከተው ጥቂት ደቂቃ ይወዝውዙት። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ገና እርጥብ ነው።

የቦሎቄ ነቀዝ በጎተራ ውስጥ እየተራባ በጥቂት ወራት ሁሉን ዱቄት ያደርገዋል። ለጥቂት ኪሎ ዘር ርካሹ መፍትሔ ንጹሕና ደረቅ ጀሪካን ነው። ዘሩን እስከ አፉ ጢም አድርገው ይሙሉት፤ አየር የሚያስተርፍ ክፍተት አይኑር፤ ክዳኑን አጥብቀው በላስቲክ ይጠቅልሉት። ነቀዙ በውስጡ ያለውን አየር ጨርሶ ይሞታል። ለብዙ እህል ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት በዚሁ ዘዴ ይሠራል። በየጊዜው ከፍተው ከተመለከቱት ግን አየር ስለሚገባ ድካሙ ከንቱ ነው።

በገበያ «የነቀዝ ኪኒን» እየተባለ የሚሸጠውን በቤት ውስጥ በፍጹም አይጠቀሙ። ኪኒኑ እርጥበት ሲያገኝ መርዛም ጢስ ያወጣል፤ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ባለ ጆንያ ላይ ተጥሎ ቤተ ሰብ ሊገድል የሚችል ነው። በመድኀኒት የታሸ ዘርም ቢታጠብ እንኳ ለምግብ አይሆንም።

በጀሪካኑ ላይ የዘሩን ዓይነት፣ የተወቃበትን ወርና ዓመት፣ ከየት መደብ እንደ ተሰበሰበ ጽፈው ይለጥፉ። በግንቦት መጨረሻም ከፍተው 50 ፍሬ ይቁጠሩና ጨርቁን ያርጥቡ።